ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ፎቅ ላይ ያለውን ላፕቶፕ ለምን አያየውም?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን የምኖረው አዲስ አበባ ሲኤምሲ አካባቢ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ ልጄ አሮጌው ላፕቶፔ ከሚጣል ብሎ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫነልኝ። በአንድ ባለ 2 ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ ላይ የሰርጋችን ቪዲዮ፣ የልጆቹ ልደት፣ እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታቷ የተቀረጸችባቸው ምስሎች እና ለዓመታት የገዛናቸው ፊልሞች አሉ። እነዚህን ሁሉ ሳሎን ቁጭ ብለን በቴሌቪዥን ማየት ፈለግንና ኮምፒዩተር ላይ ያለን ቪዲዮ በቤት ውስጥ ኔትወርክ ወደ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚያሰራጨውን ጄሊፊን የሚባል ሶፍትዌር ጫንን። ላፕቶፑ የተገናኘው ፎቅ ላይ ካለው ሁለተኛ ራውተር ጋር ነው፤ ይህንን ራውተር የገዛነው የምድር ቤቱ ዋይፋይ መኝታ ክፍሎቹ ድረስ ስለማይዘልቅ ነበር። በመጀመሪያ የሃርድ ዲስኩን ፎልደር በጄሊፊን ስንመርጥ ባዶ ሆኖ ታየን። ጥቂት ፊልሞችን ላፕቶፑ ላይ ገልብጠን ስንሞክር ደግሞ ፎቅ ስንሆን በስልክ ይከፈታል፣ ሳሎን ስንወርድ ይጠፋል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ከነጭራሹ አያገኘውም። ልጄ ሊኑክሱን አጥፍቶ እንደገና ሊጭን ተነሥቷል። በተጨማሪም ፊልም ባየን ቁጥር የኢንተርኔት ፓኬጃችን ይቀንስ እንደሆነ ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ልጅዎ ሊኑክሱን እንዳያጠፋው ይንገሩት። ከገለጹልን ችግሮች አንዱም ከአጫጫኑ የመጣ ስላልሆነ፣ አሥር ጊዜ እንደገና ቢጫን እንኳ ችግሩ እዚያው ይጠብቃችኋል።

የኢንተርኔቱን ጉዳይ በተመለከተ ልብዎ ይረፍ። በቤትዎ ውስጥ ያለው ኔትወርክና ከቤትዎ የሚወጣው የኢንተርኔት መስመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፊልሙ ከላፕቶፑ ተነሥቶ በራውተር በኩል ሳሎን ሲደርስ ከግቢዎ አጥር አልወጣም፤ ስለዚህ ከፓኬጅዎ ላይ አይቀነስም፣ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀንም ቢሆን ይታያል። ጄሊፊን ወደ ውጭ የሚወጣው የፊልሞቹን ፖስተርና አጭር መግለጫ ለማውረድ ሲሆን፣ ይህም ከፊልሙ መጠን ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ራውተር የሚሠራው እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ከውስጥ ለሚወጣው መንገድ ይሰጣል፣ ከውጭ የመጣውን ግን ከውስጥ የጠራው ሰው ከሌለ አያስገባም። ይህ ጠባዩ በቤትዎና በኢንተርኔት መካከል ሲቆም ይጠቅማል። እናንተ ግን ሁለት ዘበኛ ቀጥራችኋል፤ ሁለተኛው ደግሞ የቆመው በገዛ ቤታችሁ ደረጃ ላይ ነው። የፎቁ ራውተር ከበስተኋላው ያሉትን ብቻ እንደ ቤተሰብ ስለሚቆጥር፣ ምድር ቤት ያለው ሁሉ ለእርሱ የውጭ ሰው ነው። የሳሎኑ ቴሌቪዥን ቢጣራ፣ ቢጣራ ላፕቶፑ ዘንድ የማይደርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስልክዎም ፎቅ ሲሆን የፎቁን ዋይፋይ ይይዝና ላፕቶፑን ያገኘዋል፤ ሳሎን ሲወርድ ወደ ምድር ቤቱ ዋይፋይ ይዛወርና እርሱም የውጭ ሰው ይሆናል።

ይህንን በራስዎ ዓይን ማረጋገጥ ይችላሉ። ስልክዎን ይዘው ሳሎን ይቀመጡ፤ የዋይፋዩን ስም ተጭነው ዝርዝሩን ሲከፍቱ አይፒ አድራሻ የሚል፣ ማለትም ስልኩ በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ያገኛሉ፤ በወረቀት ይጻፉት። ከዚያ ፎቅ ወጥተው፣ ስልኩ የፎቁን ዋይፋይ መያዙን አይተው ድጋሚ ይጻፉት። አንዱ በ192.168.1፣ ሌላው በ192.168.0 የሚጀምር ከሆነ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከተለያዩ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ኔትወርክ እንዳለዎት ያውቃሉ። የባሰው ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቁጥር ሲጀምሩ ነው፤ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ አድራሻ ይዘው ስለሚመጡ ይህም ያጋጥማል። በዚያ ጊዜ ጎረቤታሞች ያልሆኑ ዕቃዎች ጎረቤታሞች መስለው ይታያሉ፣ መገናኘት ግን አይችሉም።

መፍትሔው የፎቁን ራውተር ከዘበኝነት አውርዶ ዋይፋይ ማሰራጫ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ነው። በብዙ ራውተሮች ሴቲንግ ውስጥ አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ አለ፤ ካለ እርሱን መርጦ ማስቀመጥ ይበቃል። ከሌለ ሥራው በእጅ ይሠራል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። ላፕቶፑን በኬብል ከፎቁ ራውተር ጋር አገናኝታችሁ የራውተሩን ሴቲንግ ክፈቱ። የምድር ቤቱ ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ፣ ለፎቁ ራውተር 192.168.1.2 ስጡትና አስቀምጡ፤ የምድር ቤቱ ራውተር ይህንኑ ቁጥር ለሌላ ዕቃ እንዳያድል አስቀድማችሁ ማየት አለባችሁ። ገጹ ሊጠፋባችሁ ይችላል፤ በአዲሱ አድራሻ ተመልሳችሁ ግቡ። ቀጥሎ ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ ማለትም ለየዕቃው አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት፣ በፎቁ ራውተር ላይ ብቻ አጥፉ፤ በአንድ ቤት ውስጥ አድራሻ የሚያድለው አንድ ብቻ መሆን አለበት። በመጨረሻም ከምድር ቤት የሚመጣውን ኬብል ዋን ከሚለው፣ ማለትም ከውጭው መስመር መግቢያ ቀዳዳ ነቅላችሁ፣ ላን ከሚሉት ማለትም ለቤት ውስጥ ዕቃዎች ከተሠሩት ወደ አንዱ ሰኩት። ዋን የሚለው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ ለብቻው በሌላ ቀለም የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ሴቲንጉን ሁሉ በትክክል ሠርቶ ይህችን ኬብል ሳያዛውር ይቀራል፤ ያ ከሆነ የተለፋበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ይህ ሲያልቅ በምድር ቤቱ ራውተር ውስጥ ለላፕቶፑ ቋሚ አድራሻ መድቡለት፤ 192.168.1.50 እንበል። አለበለዚያ ላፕቶፑ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር አድራሻው ሊለወጥና ቴሌቪዥኑ ሊያጣው ይችላል። ጄሊፊን ያለበት ቦታ የሚከፈተው ብሮውዘር ላይ ይህንን አድራሻ፣ ከዚያ ኮለን የሚባለውን የሁለት ነጥብ ምልክት፣ ከዚያ 8096 በመጻፍ ነው። ቴሌቪዥናችሁ አንድሮይድ ከሆነ የጄሊፊን አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ ይገኛል። አፕ የማይቀበል የቆየ ስማርት ቴሌቪዥን ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ ብዙዎቹ በቤት ኔትወርክ ላይ ያለን ቪዲዮ አግኝቶ ለማጫወት የሚያስችለውን፣ ዲኤልኤንኤ የሚባለውን የቆየ ስልት ያውቃሉ። ጄሊፊን እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 10.9 እትም ጀምሮ ዲኤልኤንኤን ከዋናው ሶፍትዌር ለይቶ በፕለጊን፣ ማለትም ለብቻው በሚጫን ተጨማሪ ክፍል መልክ ስላስቀመጠው፣ ከፕለጊኖቹ ዝርዝር መርጦ መጫን ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑን ለእንግዳ ተብሎ ከተከፈተ የጌስት ዋይፋይ ጋርም አታገናኙት፤ ጌስት ዋይፋይ የተሠራው ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተደርጎ ነው።

ላፕቶፑ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ቢያያዝ እመክራለሁ። አንድ ባለ 1080 ጥራት ፊልም ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ10 ሜጋ ቢት ያልበለጠ ይወስዳል፤ የብሉ ሬይ ዲስክ ምስል እንኳ ከ40 አይዘልም። ስለዚህ 100 ሜጋ ቢት የሚያስተላልፍ ርካሽ ኬብልና ራውተር ይበቃል፤ ጊጋ ቢት ካልሆነ አይሆንም የሚል ሻጭ ቢያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን ለሁለተኛ ሃርድ ዲስክ አስቀምጡት። ዋይፋይ ግን በብሎኬት ግድግዳና በኮንክሪት ወለል ሲያልፍ ኃይሉ ይደክማል፤ ላፕቶፑም ቴሌቪዥኑም በዋይፋይ ከሆኑ ደግሞ አንዱ ፊልም በአየር ላይ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።

ሃርድ ዲስኩ ባዶ ሆኖ የታየው ፋይሎቹ ጠፍተው አይደለም። ጄሊፊን በሊኑክስ ውስጥ የሚሠራው በእርስዎ ስም ሳይሆን ጄሊፊን በሚባል የራሱ ተጠቃሚ ስም ነው። ሊኑክስ ሚንት ደግሞ የተሰካን ሃርድ ዲስክ የሚከፍተው ሚዲያ በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ በእርስዎ ስም በተሰየመ ክፍል ሥር ነው፤ ወደዚያ ክፍል መግባት የሚፈቀደው ለእርስዎ ብቻ ነው። እርስዎ ሲከፍቱት ሁሉም ነገር ይታያል፤ ጄሊፊን ሲመጣ በሩ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ዲስኩ ሁልጊዜ በአንድ የጋራ ቦታ እንዲከፈት ማድረግ ያስፈልጋል። ከሚንት ጋር አብሮ የሚመጣውን ዲስክስ የሚባል ፕሮግራም ክፈቱ፤ የሃርድ ዲስኩን ክፍል መርጣችሁ፣ ባለ ጥርስ ጎማ (የማርሽ) ምስል ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ፣ የመክፈቻ አማራጮችን ለማስተካከል የሚያስችለውን ምረጡ። አውቶማቲኩን አጥፍታችሁ፣ መክፈቻ ቦታውን ከሚዲያ ፎልደር ውጭ፣ ለምሳሌ ኤስአርቪ በሚባለው ፎልደር ሥር ፊልም ብላችሁ ሰይሙ። ዲስኩ በዩዩአይዲ፣ ማለትም በራሱ መለያ ቁጥር እንዲታወቅ ምረጡ። ከአማራጮቹ መካከል ኖፌይል የሚለው ቃል መኖሩን አረጋግጡ፤ ያ ቃል ከሌለ ዲስኩ ባልተሰካበት ቀን ላፕቶፑ ሲነሣ መሐል ላይ ሊቆም ይችላል። ዲስኩ ከዊንዶውስ የመጣ ከሆነና ሊኑክስ አንብብ እንጂ አትጻፍበት ካላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውሱ ሳይዘጋው ተነቅሏል ማለት ነው፤ ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ሰክታችሁ በሥርዓት አስወጡት።

መምህር፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብዎ። ፊልሞቹን ዳግመኛ መግዛት ይቻላል፤ የእናትዎን ምስል ግን የሚሸጥ የለም። ከላይ ያለውን አንዱንም ከመጀመራችሁ በፊት ሌላ ሃርድ ዲስክ ገዝታችሁ፣ የቤተሰቡን ቪዲዮዎች በሙሉ ገልብጣችሁ፣ ከላፕቶፑ ርቆ ሌላ ቤት አስቀምጡት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚሽከረከር አንድ ዲስክ አንድ ቀን መቆሙ አይቀርም።

መብራትን በተመለከተ አሮጌ ላፕቶፕ መምረጣችሁ ጥሩ ዕድል ነው፤ ባትሪው መብራት ሲጠፋ እንደ ዩፒኤስ ያገለግላችኋል። ነገር ግን ሃርድ ዲስኩ በራሱ አዳፕተር ከግድግዳ የሚሠራው ትልቁ ዓይነት ከሆነ፣ ላፕቶፑ በርቶ ሳለ ዲስኩ በድንገት ይጠፋል፤ ይህ ለፋይሎቹ አደገኛ ነው። ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ የሚወስደው ባለ 2.5 ኢንቹ ዓይነት ለእናንተ ይሻላል። ባትሪው አብጦ የላፕቶፑን ጀርባ የሚገፋ ከሆነ ግን አንድ ቀንም አታቆዩት፤ ይውጣ። በእኔ ቤት ያጋጠመኝን ልጨምርላችሁ፦ አመሻሽ ላይ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ፊልም እያየ ሳለ ምስሉ ቆመ፤ ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ፣ ኬብሉን ለወጥሁ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ መኝታ ቤት ብገባ ልጄ አቧራ እንዳይገባበት ብላ የላፕቶፑን ክዳን ዘግታዋለች። ሊኑክስ ሚንት ክዳኑ ሲዘጋ እንዲተኛ ሆኖ ስለሚመጣ፣ በፓወር ሴቲንግ ውስጥ ክዳኑ ሲዘጋ ምንም አታድርግ የሚለውን ምረጡ።

የሰርጉንና የልደቱን ቪዲዮ ፊልም በሚለው የጄሊፊን ክፍል ውስጥ አታስገቡት። በዚያ ክፍል ያለውን ሁሉ ጄሊፊን ከኢንተርኔት ካለው የፊልም መዝገብ ጋር ስለሚያመሳክር፣ የሰርጋችሁ ቪዲዮ የማታውቁት የውጭ ፊልም ፖስተር ተለጥፎበት ልታገኙት ትችላላችሁ። የቤት ቪዲዮዎችና ፎቶዎች የሚል የተለየ ዓይነት አለ፤ እርሱ የፋይሉን ስም እንዳለ ይተወዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ልጆቼ እዚህ ተወልደው አማርኛ ማንበብ በመማር ላይ ናቸው፤ እንዲለማመዱ ብዬ ለሚወዷቸው ፊልሞች የአማርኛ ሰብታይትል ራሴ እየጻፍሁ ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ባለ ጄሊፊን አስገብቻለሁ። ኮምፒዩተር ላይ በትክክል ይነበባል፤ ቴሌቪዥን ላይ ግን የአማርኛው ፊደል ሁሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል። አጎቴ ከዓመታት በፊት የጻፉልኝ ደግሞ ኮምፒዩተሩም ላይ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል።

መልስ፦ ለልጆችዎ የሚደክሙት ድካም የሚያኮራ ነው፤ ፊደላችን በሳሎን ቴሌቪዥን ላይ በወጉ መታየት አለበት። ሦስት ዓይነት ብልሽት ስላለ፣ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ በዓይን መለየት ይበቃል።

ሳጥን ሲታይ ጽሑፉ ደኅና ነው፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ የለውም፤ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ደግሞ ፎንት መጨመር አይቻልም። ስለዚህ ፊደሉን ቴሌቪዥኑ እንዲስለው ከመጠበቅ ሰርቨሩ፣ ማለትም ጄሊፊን ያለበት ኮምፒዩተር፣ ራሱ ከምስሉ ጋር አትሞ እንዲልከው ያድርጉ። በዴቢያኑ ላይ የአቢሲኒካ ወይም የኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት ይጫኑ፤ ሁለቱም በነፃ ከዴቢያን የሶፍትዌር ማከማቻ ይገኛሉ። ከዚያ ጄሊፊንን አስነሥተው፣ በቴሌቪዥኑ አፕ ሴቲንግ ውስጥ ሰብታይትሉ ከምስሉ ጋር እንዲታተም የሚያደርገው ምርጫ ካለ ይምረጡት። ይህ ሲሆን ፊልሙ እየታየ ሳለ ሰርቨሩ ምስሉን እንደገና ስለሚሠራው ፕሮሰሰሩ ይደክማል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በብዙ ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ያስገባው ክዊክ ሲንክ የሚባል የቪዲዮ ክፍል ሥራውን ያቀልለታል፤ በጄሊፊን የፕሌይባክ ሴቲንግ ውስጥ ይብራ።

የአጎትዎ ጽሑፍ በላቲን ፊደል የተደበላለቀው ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ከመለመዱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች ስለተጻፈ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች የእኛን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ እያስቀመጡ ነበር የሚሠሩት፣ ልማዱም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። ፊደሎቹ አልጠፉም፤ የተጻፈበት ፎንት ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይቻላል። ስለዚህ አጎትዎን በየትኛው ፕሮግራም እንደጻፉት ይጠይቋቸው።

ሦስተኛው፣ እርስዎን እስካሁን ያላጋጠመዎት፣ በየፊደሉ ፋንታ የጥያቄ ምልክት ሲወጣ ነው። ይህ የሚሆነው ፋይሉ በቆየ ኖትፓድ አንሲ በሚባለው አሠራር ሲቀመጥ ነው፤ ያኔ ፊደሎቹ በእርግጥ ጠፍተዋል፣ ዳግመኛ መጻፍ እንጂ መመለስ የለም። ሁልጊዜ የዩኒኮድ ማስቀመጫ የሆነውን ዩቲኤፍ 8 መርጠው ያስቀምጡ። የፋይሉም ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ሆኖ፣ ከነጥብ በኋላ የአማርኛ ዓለም አቀፍ ምልክት የሆኑት ኤ እና ኤም የተባሉት ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ከዚያ የኤስአርቲ ቅጥያ ቢከተል፣ ጄሊፊን ራሱ አማርኛ ብሎ ይመዘግበዋል።

ጥያቄ፦ ለሥራ ሐዋሳ እመላለሳለሁ። አዲስ አበባ ቤቴ ባለው ጄሊፊን ያሉትን ቪዲዮዎች ከዚያ ማየት ብፈልግ የጄሊፊን መግቢያ በር (ፖርት) የሆነውን 8096ን በራውተሩ ላይ መክፈት ይበቃል?

መልስ፦ አይክፈቱት። አንድ ጊዜ ከተከፈተ እርስዎን ብቻ ሳይሆን ቀን ከሌት ክፍት በር የሚፈልጉ ፕሮግራሞችንም ያስገባል። ቤትዎን ከስልክዎ ጋር በተመሰጠረ መስመር የሚያገናኘውን ዋየርጋርድ ይጠቀሙ፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከሊኑክስ ዋና አካል (ከርነል) ጋር አብሮ ይመጣል። ነገር ግን አስቀድመው በራውተርዎ የመረጃ ገጽ ላይ ከኢንተርኔት በኩል የተሰጠውን አድራሻ ይመልከቱ፤ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ለብቻዎ የተሰጠ የውጭ አድራሻ የለዎትም፣ ስለዚህ ዋየርጋርድ ብቻውን ቤትዎን አያገኘውም። ለዚያ ጊዜ በዋየርጋርድ ላይ የተሠራው ቴይልስኬል የሚባል አገልግሎት ሁለቱን ወገን ራሱ ያገናኛቸዋል። እዚህ ላይ ግን ለመጀመሪያው ጠያቂያችን ካልነው በተለየ ፊልሙ ከግቢ ይወጣል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ፓኬጅ ይቀነሳል፣ የሚወስነውም የቤትዎ የአፕሎድ ፍጥነት ነው። የአፕሎድ ፍጥነትዎን ለክተው፣ በጄሊፊን አፕ ውስጥ የጥራት መጠኑን ከዚያ ግማሽ ላይ ያድርጉት።